አራተኛው ልጅ

በየትምህርት ቤቱ ማይክ የማይፈሩ ሁለት ሦስት ልጆች አሉ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ሚኒ ሚዲያውን የሚመሩት እነሱ ናቸው። የወላጆች ቀን ሲደርስ ግጥም የሚያነቡት እነሱ ናቸው። የሰንደቅ ዓላማ ቀን፣ የኤድስ ቀን፣ የምረቃ በዓል፣ ሁሉም ላይ የምናየው እነሱኑ ነው። ጎበዞች ናቸው፣ እወዳቸዋለሁ። ግን እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ደብተር አርማለሁ። ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው፣ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ማለቱ እንኳ በግድ የሚሰማው ልጅ ምን እንደሚጽፍ አያለሁ። ድርሰት ጻፉ ስል አንጀት የሚበላ ዓረፍተ ነገር ይዘው የሚመጡት ብዙ ጊዜ እነዚያ ናቸው። የሚጽፉትን ከእኔ በቀር ማንም አያነበውም።

ባለፈው ዓመት ከሌሎች ትምህርት ቤቶች መምህራን ጋር ሆነን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቡድን የግጥም ውድድር አዘጋጀን። ስምንት ትምህርት ቤቶች ተሳተፉ። እንዴት እንደሠራነው ብዙ ሰው እየጠየቀኝ ስለሆነ በጽሑፍ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

መነሻችን ፖይትሪ ስላም የሚባለው፣ ተመልካች የሚፈርድበት የግጥም ውድድር ነው። የጀመረው ማርክ ስሚዝ የሚባል የቺካጎ የግንባታ ሠራተኛ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ግሪን ሚል በሚባል የጃዝ ቤት ገጣሚዎችን መድረክ ላይ አወጣና ዳኝነቱን ለተመልካቹ ሰጠው። ኋላ ነገሩ ወደ ወጣቶች ተሻገረ። በዚያው በቺካጎ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ቡድን እያዋቀሩ ይገጥሙ ነበር። እኔን የሳበኝ ይኸ የቡድኑ ነገር ነው።

ለእኛ ልጆች ደግሞ በቡድን ግጥም ማለት አዲስ አይደለም። የቡሄ ዕለት ዱላ ይዞ ሆያ ሆዬ ያላለ የአዲስ አበባ ወንድ ልጅ ጥቂት ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ግጥሙ ደግሞ እንደ ባለቤቱ ደግነት እዚያው በር ላይ ይቀየራል። ሴቶቹ አበባየሆሽ አላቸው። እንካ ስላንትያ ተባብለው ያላደጉ ልጆችም የሉም። ስለዚህ ስናስረዳቸው ብዙ አልደከምንም። «ቡድን ነው፣ ተራ በተራ ነው፣ ሕዝብ ይፈርዳል» ስንላቸው ገባቸው።

ደንቡ አጭር ነው። ግጥሙ የራስ መሆን አለበት። ሙዚቃ የለም፣ የተለየ ልብስ የለም፣ በእጅ የሚያዝ ዕቃ የለም። ጊዜው ሦስት ደቂቃ ነው፤ አሥር ሰከንድ ይቅር ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ለያንዳንዱ አሥር ሰከንድ ግማሽ ነጥብ ይቀነሳል። አምስት ዳኞች ከዜሮ እስከ 10 ይሰጣሉ፣ በነጥብ ቤት ጭምር። ትልቁና ትንሹ ይሰረዛል፣ መካከለኞቹ ሦስቱ ይደመራሉ። ለምሳሌ 8.1፣ 8.4፣ 8.7፣ 9.0 እና 9.8 ቢሰጡ፣ 8.1 እና 9.8 ወጥተው ውጤቱ 26.1 ነው። ስለዚህ አንድ ዳኛ ለዘመዱ ቢያዳላ ወይም በአንዱ ቢናደድ ብዙ ጉዳት አያደርስም።

እኛ የጨመርነው አለ። እያንዳንዱ ቡድን አራት ልጅ ይኖረዋል፤ አራቱም የየራሳቸውን ግጥም ያነባሉ፤ አንድ ልጅ ለብቻው ሁለት ጊዜ ማንበብ አይችልም። አምስተኛው ዙር ላይ አራቱም አብረው የጻፉትን አንድ ግጥም አብረው ያቀርባሉ። ድምሩ ከ150 ነው።

ይህን ደንብ ስናወጣ ከአንዳንድ ባልደረቦቼ ጋር ተከራክረናል። «ጎበዙ ልጅ ሁለቴ ያንብብ፣ ምን አለበት?» ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ከዚህ ንቅንቅ አልልም አልኩ። ምክንያቴም ይኸ ነው፤ ሦስቱን ልጅ ሁሉም ትምህርት ቤት ያውቃቸዋል። አራተኛውን ግን መፈለግ አለበት። ክበቡ ክፍል ለክፍል ዞሮ፣ ደብተር አስገልጦ፣ «አንተስ? አንቺስ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። በግል ውድድር ቢሆን ኖሮ ከያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ የታወቀ ልጅ ይመጣ ነበር፣ ተጨብጭቦለት ይሄድ ነበር፣ አለቀ። አራት ሰው ካልሞላ ቡድኑ አይመዘገብም ሲባል ግን ከኋላ ወንበር ያለውን ልጅ ይፈልጉታል። ለቁጥሩ ብለው ነው የሚጀምሩት፤ ግድ የለም።

የእኛ አራተኛ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ነው። ካዛንቺስ ሲፈርስ ቤተሰቡ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ትምህርት ቤቱን ግን አልቀየረም። በሁለት ታክሲ እየመጣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብዙውን ቀን ያመልጠዋል። «ስለ ሰፈርህ ጻፍ» ብዬ ባዘዝኩት ድርሰት መካከል ላይ ሁለት መስመር ግጥም ጽፎ አገኘሁ፤

አልጋና ቁም ሣጥን በመኪና መጣ፤
የቡና ጥሪ ግን ከየት በኩል ይምጣ?

ልጁ ስለ ምጣኔ ያስተማርኩትን ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ አላውቅም፤ ግን ስንኙ ስድስት በስድስት ነው፣ በግራም በቀኝም ስድስት ስድስት ቀለም፤ ንጹሕ የወል ቤት። ደብተሩን ስመልስለት «ይኼን ቀጥለኸው ጮክ ብለህ ብታነበው ምን ይመስልሃል?» አልኩት።

«ለማን?» አለኝ።

ቡድኑ መጀመሪያ አልወደደውም። የቡድኑ መሪ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ናት፣ መጥታ «ቲቸር፣ እሱ እኮ ድምፁ አይሰማም። ጓደኛችንን ብናስገባ አይሻልም?» አለችኝ። ሁለታችሁ ተነጋገሩ አልኳት። በማግስቱ ከትምህርት በኋላ ሜዳ ላይ አየኋቸው። እሱ አንዱ ጎል ላይ ቆሟል፣ እሷ ሌላው ጎል ላይ። ደብተሩን ይዞ ያነባል። እሷ ከዚያ ማዶ «አልሰማሁም!» ትላለች። እንደገና ያነባል። «አልሰማሁም!» ኳስ የሚጫወቱት ልጆች መሃላቸው ገብተው እየሮጡ ነው። አንድ ቦታ ላይ ደክሞት ተናደደና ጮኸባት። «እሱን ነው የምልህ!» አለችው። ከዚያ ቀን በኋላ ጓደኛችን ይግባ የሚል ነገር አልሰማሁም።

ልምምድ ላይ አስተማሪ ምን ይሥራ? ይህን ብዙ አስቤበታለሁ። ያየሁት ትልቁ ችግር የትልልቆቹ እጅ ነው። ልጁ «ታክሲ ሰልፍ ላይ እግሬ ቄጠማ ሆነ» ብሎ የጻፈውን መምህሩ ወደ «አገሬ ሆይ» ይለውጥበታል። ግጥሙ ያምራል፣ ልጁ ግን ከውስጡ ይጠፋል። ስለዚህ ለአሠልጣኝ መምህራን ሁሉ አንድ ነገር ተስማማን፤ መጠየቅ ይፈቀዳል፣ መጻፍ አይፈቀድም። «እዚህ ጋ ምን ነበር የሸተተህ?» «አያትሽ ያኔ ምን አለችሽ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። እስክሪብቶው ግን ከልጁ እጅ አይወጣም። ቀለም መቁጠርን አስተምሬአቸዋለሁ፤ የወል ቤት ስድስት በስድስት፣ ሰንጎ መገን አምስት በአምስት፣ ጸጋዬ ቤት ስምንት በስምንት። ማወቅ አለባቸው። ቤት የማይመታ ግጥም ይዞ የመጣንም ግን አልመለስንም። ልጆቹ ቤት ለማስመታት ሲሉ ያላዩትን ጨረቃ፣ ያላፈቀሩትን ፍቅር ሲያስገቡ ከማይ የማይመታውን እመርጣለሁ።

ቋንቋም አልገደብንም። አዲስ አበባ ልጅ ቤቱ የሚያወራው ሌላ፣ ትምህርት ቤት የሚያወራው ሌላ ሊሆን ይችላል። አንድ ቡድን ግማሹን በአፋን ኦሮሞ ግማሹን በአማርኛ የሆነ የእህትማማቾች ጥልን አቀረበ፤ አንዷን ቋንቋ ብቻ የሚሰማውም ሰው ጥሉ ገብቶታል።

ስለ ቁጥጥርም ልናገር። አንድ ትምህርት ቤት ግጥሞቹ ሁሉ ቀድመው ለአስተዳደሩ ቀርበው ማኅተም ካልተደረገባቸው ልጆቹ አይወጡም አለ። ሥጋታቸው ይገባኛል፤ ወላጅ ቢጠይቅ ተጠያቂዎቹ እነሱ ናቸው። ግን ማኅተም ያለበት ግጥም ልጁ ለማኅተሙ የሚጽፈው ግጥም ነው። በሽምግልና ነው የፈታነው። አሠልጣኙ ቀድሞ ያነባል፣ የሚያየውም ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሰው በስሙ እየተጠራ ይሰደባል ወይ? ሕዝብ በጅምላ ይጠላል ወይ? ከዚያ ውጪ ያለው የልጁ ነው። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ወሰድን። ልጅና ወላጅ ካልፈቀዱ በቀር ቪዲዮ የትም አይለጠፍም ብለን በር ላይ ጻፍን። አንዲት የጋይዳንስ መምህርት ደግሞ ከመጀመሪያው ልምምድ ጀምሮ አብራን ነበረች። ይኸ ለጌጥ አይደለም። ዕድሜያቸው አሥራ አምስት ነው፤ ግጥም ጻፍ ሲባሉ ለማንም ያልነገሩትን ይጽፋሉ። ጨርሶ ሲወርድ ማን ጋ ይሄዳል የሚለው ቀድሞ የታወቀ መሆን አለበት። እሷ ባትኖር ኖሮ ውድድሩን አልጀምረውም ነበር።

ቀኑን ቅዳሜ አደረግነው። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ። የቱቶሪያል ክፍል ያለባቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች እንዲደርሱ ብለን ከሰዓት በኋላ ጀመርን። ወጪያችን ብዙ አልነበረም። ትልቁ የድምፅ መሣሪያ ኪራይ ነው። የዳኞቹን ሰሌዳ ልጆቹ ከካርቶን ሠሩት። ሻይና ዳቦ ወላጆች ቻሉ። ለአሸናፊው ገንዘብ ልስጥ ያለ ሰው ነበር፤ አመስግነን መጽሐፍ እንዲገዛልን ጠየቅነው። ገንዘብ ከገባበት ግጥሙን ወንድም ይጽፈዋል፣ አጎት ይጽፈዋል።

ዳኞቹን ዕለቱን ከአዳራሹ መረጥን። መስፈርቱ ተወዳዳሪ ዘመድ የሌለው መሆን ብቻ ነው። አንዲት ትምህርት ቤታችን አጠገብ ጉልት የሚሸጡ እናት፣ አንድ የታክሲ ተራ አስከባሪ፣ የአዳራሹ ጥበቃ፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አንድ ጡረታ የወጡ ነርስ። ታዋቂ ገጣሚዎችን ዳኛ ማድረግ እንችል ነበር፤ ሁለቱ በፈቃደኝነት መጥተውልናል። ግን ታላቅ ገጣሚ ዳኛ ሲሆን ልጁ ለእሱ ያነባል። ሻጯ እናት ፊት ሲያነብ ለሰው ያነባል። እናቲቱ መጀመሪያ «እኔ ፊደል እንኳ በወጉ አልቆጠርኩ፣ ምኑን አውቄ?» ብለው እምቢ አሉ። «እማማ፣ ግማሹን ለተባለው ነገር፣ ግማሹን ላባባሉ ይስጡ። ልብዎ ያለዎትን ነው» አልናቸው። ቁጥር ግን ከማናችንም በላይ ይችሉበታል። 8.6ን ከ8.7 ለይተው ሲሰጡ ውለዋል።

ለመጡት ገጣሚዎች ሌላ ሥራ ሰጠናቸው፤ ማሟሻነት። ውድድሩ ሳይጀመር አንድ የማይወዳደር ሰው ያነባል፣ ዳኞቹ ነጥብ ይሰጡታል፣ እጃቸውን ያፍታታሉ። ልጆቹ የሚያከብሩት ሰው በገዛ ፈቃዱ 7.9 ሲሰጠው ማየታቸው ደግሞ ፍርሃታቸውን ቀነሰላቸው።

ተመልካቹንም አስተምረናል። ያልተስማማው ዳኛ ላይ ቅር ቢለው ይቻላል፣ ገጣሚ ላይ ግን አይቻልም። ጥሩ ስንኝ ሲሰማ «ይበል!» ይላል። ሁለት ሦስት ግጥም እንዳለፈ አዳራሹ ራሱ ገባበት።

ነጥብ እያደር ከፍ ይላል። ይህን ስላም ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ የወጣ ልጅ 8.2 የተሰጠበት ዓይነት ግጥም ኋላ ላይ 9.1 ያመጣል፤ ዳኛው ይሞቃል፣ አዳራሹም ይሞቃል። ስለዚህ ቡድኖቹ ጠንካራውን ልጅ ወደ ኋላ ያቆያሉ። ፍጻሜው ላይ የእኛዎቹም እንደዚያ አስበው ነበር። ግን ሦስተኛው ዙር ላይ ዕቅዳቸውን ራሳቸው ቀየሩት።

ከእኛ ቀድማ የወጣችው የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ናት፣ ዘጠነኛ ክፍል። እናቷ ሪያድ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ግጥሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ የኢሞ ጥሪ ነው። ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ የእናትየው ፊት ስክሪኑ ላይ ይደርቃል፣ ልጅቷ «ይሰማሻል? ይሰማሻል?» ትላለች። የእናትየው መልስ ግማሽ ቃል ብቻ ነው። ቀና ብላ አታይም፣ ስልክ የያዘች ያህል መዳፏን ነው የምታየው። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ያደረጉ እናቶች አየሁ። ዳኛዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ካርቶኑን ለማንሳት ዘገየች።

ቀጥሎ የእኛ ተራ ነው። በዕቅዱ መሠረት መውጣት የነበረበት ስለ ታክሲ ሰልፍ የሚያስቅ ግጥም የያዘችው መሪያችን ናት። አራቱ ተጠጋግተው ሲንሾካሾኩ ከኋላቸው ነበርኩ። «አሁን ብናስቃቸው እሷን መርገጥ ነው» አለች መሪዋ። አንዱ «እና ማን ይውጣ? ፍቅሩን ላንብብ?» አለ። «እሱም ይከብዳል።» ከዚያ አራተኛው ልጅ፣ እስካሁን ዝም ብሎ የነበረው፣ «የእኔ ይሆናል። የእኔም ናፍቆት ነው፣ ግን ቡና አለው» አለ።

ወጣ። ድምፁ ከሜዳው ጎል እንደተለማመደው ሆኖ እስከ በሩ ደረሰ። ስለ ሰፈር ሴቶች ነው፤ ማን ስኒ እንደሚያበድር፣ ማን ዕጣን እንደምታበዛ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ እናቱ ቡና አፍልታ በረንዳው ላይ ቆማ ማንን እንደምትጠራ ግራ ሲገባት። «የቡና ጥሪ ግን» የሚለው ላይ ሲደርስ ከኋላ አንዲት ሴት «ኧረ ይበል!» አሉ። ከዚያ ብዙ ሰው ተከተለ። 8.6፣ 8.9፣ 9.0፣ 9.2፣ 9.7። ድምሩ 27.1። ሲወርድ መሪያችን ሳትሆን የኢሞዋ ልጅ ናት መጀመሪያ የጨበጠችው።

አራተኛው ዙር ላይ የታክሲው ግጥም ወጣ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተራ አስከባሪው 10 ሰጠ፤ ትልቁ ስለሚሰረዝ ግን አልተቆጠረም። ሳቅ ደግሞ ደቂቃ ይበላል። ልጅቷ ሳቁ እስኪያልፍ እየጠበቀች ሦስት ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ደረሰች። ግማሽ ነጥብ ተቀነሰ። በቡድን ግጥሙ ደግሞ የኢሞዋ ልጅ ቡድን «ከመቶ ሦስት» የሚል ይዞ መጣ። በ2014 እና በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ነበሩ። አራቱ ልጆች ተሰልፈው ይቆማሉ። አንደኛው እንደ ፈታኝ ይቆጥራል። ሦስቱ እየተቀባበሉ የወደቀ ታላቅ ወንድም፣ የወደቀች ጎረቤት፣ ትምህርት ቤቱ እንዳለ ማንም ያላለፈበት የአጎት ልጅ ይናገራሉ። በየመካከሉ አንድ ላይ «ዘጠና ሰባታችን የት ነን?» ይላሉ። በዚያ ዓመት ለፈተና የሚቀመጡ ልጆች አዳራሹን ሞልተውት ነበር። ሦስተኛው ጊዜ ላይ አዳራሹ አብሯቸው አለው።

በ0.3 ነጥብ ተሸነፍን። መሪያችን ግማሿን ነጥብ አስባ አለቀሰች። ሰዓት የያዙትን የሒሳብ መምህር ግን ማንም አልተከራከረም፤ ስልካቸውን አሳይተዋታል፣ እሷም አይታለች።

ዘንድሮ ምዝገባ በኅዳር ይጀመራል። አራት የነበረው ቡድን አምስት ይሆናል፤ አምስተኛው የግድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ መሆን አለበት። ያለፈው ዓመት ተወዳዳሪዎች ከፈለጉ ለታናናሾቻቸው አሠልጣኝ ይሆናሉ፤ የእኛ አራተኛ ከወዲሁ ስሙን አስመዝግቧል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሚያረፍድ ልምምዱ ከአራት ሰዓት በፊት እንዳይጀመር ብቻ ጠይቋል። እኛን የቸገረን አዳራሽ ነው። ሁለት መቶ ሰው የሚይዝ፣ ታክሲ የሚደርስበት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በነፃ የሚሰጥ አዳራሽ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። የጋይዳንስ ትምህርት ያላችሁና አንድ ቅዳሜ ልትሰጡን የምትችሉም እንዲሁ። አሥራ ሁለት ትምህርት ቤት ጠይቆናል፤ አንዷ መምህርት ብቻዋን አትችለውም።